ቴሌቪዥኑ ስንት በላ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከተሰማ በኋላ ይለዝባል)

  የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቢል ነው። እርሳስና ብጣሽ ወረቀት አጠገባችሁ ብታደርጉ አይከፋም፤ መሀል ላይ ትንሽ ሂሳብ አለብን። የመብራት ቢል ያላችሁም ካስቀመጣችሁበት አውጡት።

በቅድሚያ አንድ ጭውውት ላሰማችሁ። ቦታው ቡለን ከተማ ውስጥ ያለ ማንኛውም የኪራይ ግቢ ይሁን። አራት ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ የተመዘገበውም በአከራይዋ ስም ነው። ወሩ አልቆ ቢሉ መጥቷል።

«ልጄ፣ አንተ ባለፈው ወር ዲሽ ሰቅለሃል። ከእንግዲህ እንደ ሌላው እኩል አይሆንልህም፤ እጥፍ ነው የምትከፍለው።»

«እትዬ፣ የእኔ ቴሌቪዥን እኮ ማታ ማታ ብቻ ነው የሚከፈተው።»

«ይሁና! ቴሌቪዥን መብራት ይበላል። ይሄ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።»

(አጭር ሙዚቃ)

ማንም የሚያውቀው ነገር ነው ተባለ፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ተከራዩ ወይ አኩርፎ ይከፍላል፣ ወይ ሌላ ቤት ይፈልጋል። ቢሉ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ያነበበው የለም። ዛሬ እኛ እናንብበው። ከመብራት ቢሉ ቀጥሎ ደግሞ በክፍያ የሚታየውን የዲኤስቲቪውን፣ በመጨረሻም የስልኩን እናያለን። ለቴሌቪዥን የምናወጣው ገንዘብ እኛ አገር በአንድ ወረቀት አይመጣም፤ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ነው የሚመጣው። ግራ የሚያጋባውም ይኸው መበታተኑ ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ችግራቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቴሌቪዥን በኬብል ለሚያዩት ቢሉ አንድ ነው፤ ግን በአንዱ ቢል ውስጥ የሌለ ነገር የለም። ማስታወቂያው ላይ የተነገራቸው ዋጋ ሌላ፣ ከታች የሚደመረው ሌላ። የዲኮደር ሣጥኑ ኪራይ አለ፣ የአካባቢ ጣቢያዎች ክፍያ የሚባል አለ፣ የስፖርት ክፍያ የሚባል አለ። መነሻው በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው፤ የአካባቢ ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን ለሚያስተላልፈው የኬብል ኩባንያ «ክፈለን» ማለት እንዲችሉ መብት ሰጣቸው። ኩባንያዎቹ ከፈሉ፤ የከፈሉትን ደግሞ ዋናውን ዋጋ ዝቅ አድርገው ለማሳየት ሲሉ በተለየ መስመር ደንበኛው ላይ ጫኑት። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ኩባንያዎቹ እንዲህ ያለውን ክፍያ ሁሉ ደምረው አንድ ቁርጥ ያለ ዋጋ እንዲናገሩ አዟል። እንግዲህ ቢል ማንበብ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ወደ ቡለን እንመለስ። እዚህ ኬብል የለም፤ ሥርጭት በሳተላይት ነው የሚመጣው። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር ሆኖ ኢትዮሳት የተባለውን የሳተላይት ሥርጭት ጀመረ። የዲሽ ሠራተኞች ጣሪያ ለጣሪያ እየዞሩ ዲሹን ከናይልሳት አንስተው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞሩ ታስታውሱ ይሆናል። ናይልሳት ከእኛ በስተምዕራብ፣ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው ያለው፤ ኢትዮሳት የሚገኝበት ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ለሳተላይቱ ኪራይ የሚከፍሉት ጣቢያዎቹ ናቸው። ተመልካቹ ዲሹን፣ ሪሲቨሩንና የሠራተኛውን እጅ አንዴ ከከፈለ በቃ፤ በየወሩ የሚጠየቀው ነገር የለም። ስለዚህ «ለኢትዮሳት የወር ክፍያ አምጡ» የሚል ሰው በራችሁን ቢያንኳኳ፣ ወይም በስልክ ቢደውል፣ እንዲህ የሚባል ክፍያ የለም ብላችሁ መልሱት።

እንግዲያው ዲሽ የሰቀለው ተከራይ በየወሩ ምን ያህል ያስወጣል? እርሳሳችሁን አንሡ።

ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ጀርባው ወይም ታቹ ላይ ቁጥር አለው፤ ዋት ይባላል። ባለ 32 ኢንች የአሁኑ ዘመን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን 50 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በቀን 5 ሰዓት ቢከፈት 50 ሲባዛ በ5፣ 250 ዋት ሰዓት ይሆናል። በ30 ቀን 7,500 ዋት ሰዓት። ቆጣሪ የሚቆጥረው በሺህ በሺህ ስለሆነ ለ1,000 እናካፍለው፤ 7 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት። የወር ሙሉ ፍጆታው ይኸው ነው። የድሮው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ከሆነ እጥፍ ይሆናል ብላችሁ ያዙ።

አሁን ደግሞ የእንጀራ ምጣድን እንመልከት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ዝቅተኛውን እንያዝለት፤ 3,500። ከማሟሟቅ ጀምሮ ጋግሮ እስኪጨረስ ሁለት ሰዓት ቢሄድ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት። ልብ በሉ አድማጮቼ፤ አንድ ቀን እንጀራ መጋገርና ወር ሙሉ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ማየት ቆጣሪው ላይ ሊመጣጠኑ ምንም አልቀራቸውም።

እንዲህ ስል ግን ምጣዱን መኮነኔ አይደለም። እንጀራ ያለ እሳት አይጋገርም፤ ማገዶም ቢሆን ዋጋ አለው። የምለው፣ ዲሹ ከሩቅ ስለሚታይ ነው የሚከሰሰው። ምጣዱ ጓዳ ስለሆነ ማንም አያየውም።

ሪሲቨሩ ላይ ግን አንድ ክስ አለኝ። ብዙ ቤት ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ሪሲቨሩ ግን ሌት ተቀን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይውላል፣ ያድራል። 10 ዋት ብቻ ቢወስድ እንኳ በ24 ሰዓት 240፣ በወር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ከምናምን ይሆናል። ማንም ሳያየው ቴሌቪዥኑን አከለ ማለት ነው። ማታ ስትተኙ ንቀሉት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሚደርስበት ቃጠሎም ይተርፋል።

አሁን ግቢያችንን እንደምር። አከራይዋ በወር ስምንት ቀን ይጋግራሉ፤ 56። ፍሪጅ አላቸው፤ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ቢይዝ 30። ሦስት አምፖል፣ 4። የራሳቸው ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ 10። ድምሩ 100። ባለ ዲሹ ተከራይ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና አንድ አምፖል፤ 10 ግድም። ሁለተኛዋ ተከራይ አራት ቀን ትጋግራለች፣ በቀን አንድ ሰዓት በኤሌክትሪክ ምድጃ ወጥ ትሠራለች፤ 60 ያህል። ሦስተኛው አስተማሪ ነው እንበል፤ አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጅ ብቻ፣ 2። ግቢው በጠቅላላ 172 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቀመ።

ባለ ዲሹ ከመቶ 6 እጅ እንኳ አልሞላም። እኩል ቢካፈሉ ከመቶ 25 ሊከፍል ነው፤ «እጥፍ» ከተባለማ ከመቶ 40 ሊሸከም ነው። የአስተማሪው ደግሞ ይብሳል፤ ዝም ስላለ ማንም አልጠየቀውም።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይለዝባል)

አሁን ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች እንውረድበት። ቢል ላይ ያለ መስመር ሁሉ ከሦስት ነገር አንዱ ነው። ወይ የተጠቀማችሁበት ዋጋ ነው፣ ወይ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም የሚከፈል ቋሚ ነው፣ ወይም ቢሉን የሚያመጣላችሁ ድርጅት ለሌላ ወገን ሰብስቦ የሚያስተላልፈው ነው። አንድ መስመር ግራ ሲያጋባችሁ «ከሦስቱ የትኛው ነህ?» በሉት።

የመጀመሪያው ንባብ ነው። ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ተብለው ሁለት ቁጥሮች አሉ። ያለፈው 4,318፣ የአሁኑ 4,490 ቢሆን ልዩነቱ 172፤ ፍጆታችሁ ይህ ነው። ቢሉን እንደያዛችሁ ቆጣሪው ዘንድ ሂዱ። ዛሬ ቆጣሪው ላይ የምታዩት ቁጥር ቢሉ ላይ «የአሁን ንባብ» ከተባለው ሊያንስ አይችልም፤ ቆጣሪ ወደኋላ አይሄድምና። ካነሰ አንባቢው የተሳሳተ ቁጥር መዝግቧል፣ ወይም ሳይመጣ በግምት ተሞልቷል። በድሮው ባለ ጎማ ቆጣሪ ላይ መጨረሻ ያለችው ቀይ ቁጥር ሙሉ ኪሎ ዋት ሰዓት እንዳልሆነች አትርሱ። እሷ አብራ ከተነበበች 4,490 የነበረው 44,900 ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ያን ቢል ያየ ሰው ምን እንደሚሰማው እናንተው አስቡት።

ቀጥሎ ዋጋው ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዙር የተሻሻለው ታሪፍ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እስከ 50 ላለው 27 ሳንቲም ግድም፣ ከ51 እስከ 100 ላለው 76 ሳንቲም ግድም፣ ከ101 እስከ 200 ላለው 1 ብር ከ62 ሳንቲም ግድም ነበር። ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም፤ ከመጀመሪያው እርከን ዘጠኝ እጥፍ። እነዚህ የቀድሞ ዋጋዎች ናቸው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ታሪፍ ወጥቶ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት እንዲዘልቅ ተወስኗል። ሳታበዙ ቢላችሁ ከፍ የሚልባቸው ወራት አሉ ማለት ነው። «ባለፈው ወርም ይህንኑ ነው የተጠቀምኩት፣ ምን ሆኖ ነው የጨመረው?» ለምትሉ፣ በመጀመሪያ የፍጆታውን ቁጥር አመሳክሩ። ፍጆታው ያው ሆኖ ብሩ ብቻ ከጨመረ ታሪፉ ነው የተነሣው።

የጋራ ቆጣሪ ጉዳት እዚህ ጋ ይወጣል። አስተማሪያችን በራሱ ቆጣሪ ቢሆን ኖሮ 2 ኪሎ ዋት ሰዓቱ በመጀመሪያው፣ በረከሰው እርከን ውስጥ ትቀር ነበር። ባለ ዲሹም እንዲሁ። አራቱ በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 172 ሆነው ሦስተኛው እርከን ላይ ደረሱ። በቅድሙ ዋጋ ብንሄድ ከመጀመሪያው ስድስት እጥፍ የሚሆን ዋጋ ነው። ድሃን ለመደጎም የወጣው የታችኛው እርከን የኪራይ ግቢ ውስጥ ላለ ድሃ ሳይደርሰው ይቀራል። እኔ ይህ ነገር ከዋጋ ጭማሪው በላይ ሊያነጋግር የሚገባ ይመስለኛል።

አቅም ያለው በየክፍሉ የምትገጠም ትንሽ ቆጣሪ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገዝቶ ማስገጠም ይችላል። እርከኑን ባታስተካክል እንኳ ማን ስንት እንደተጠቀመ ትናገራለች፤ ጠቡን ታበርዳለች። ያም ካልተቻለ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት ጽፎ፣ ቅድም እንዳደረግነው አባዝቶ፣ በድርሻ መካፈል ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ በእኛ በመተከል ዞን ሁሌም ይነሣል። «የሕዳሴው ግድብ ጉባ ነው ያለው፤ ጉባ ደግሞ መተከል ነው። ግድቡ ደጃችን ሆኖ እንዴት መብራት ይወደድብናል?» ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ታሪፉ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ነው፤ ጉባ ያለውም ሞያሌ ያለውም በአንድ ዋጋ ነው የሚከፍለው። በዋጋው ውስጥ የማመንጫው ብቻ ሳይሆን የማስተላለፊያ መስመሩ፣ የማከፋፈያ ጣቢያው፣ የትራንስፎርመሩና የብድሩም አለበት። መልሱ ይህ ነው። ግድቡ አጠገብ ሆኖ መብራት ያልደረሰው ቀበሌ ግን ከዋጋ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለው፤ እሱም ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከፍጆታው በታች የአገልግሎት ክፍያ ይመጣል። ይህ ቋሚው ነው፤ ወር ሙሉ አምፖል ባታበሩም ይቆጠራል።

ከዚያ የቴሌቪዥን ክፍያ። ይህ መስመር ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ «ዲሽ በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ መንግሥት ለምን ያስከፍለኛል?» ይላል። ይህ ከሦስተኛው ዓይነት ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ለራሱ አያስቀረውም፤ ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ይሰበስባል። ቀድሞ ባለ ቴሌቪዥን ራሱ ሄዶ በዓመት ይከፍለው የነበረው የፈቃድ ክፍያ ነው ከመብራት ሂሳብ ጋር የተያያዘው። ሌላም አገር አለ፤ እንግሊዞች ለዚሁ ለቴሌቪዥን ፈቃድ በ2025 እ.ኤ.አ. በዓመት 174 ፓውንድ ከ50 ይከፍሉ ነበር። ለአከራይና ለተከራይ የምለው፣ ይህ ክፍያ ቆጣሪው ላይ አንዴ የመጣ ነው። ከእያንዳንዱ ተከራይ ለየብቻ የሚሰበሰብበት ምክንያት የለም።

የመጨረሻው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዲስ አዋጅ መሠረት መብራትና ውኃም ታክሱ ውስጥ ገብተዋል። ታክሱ ከመቶ 15 ነው። የመኖሪያ ቤት ፍጆታ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት ካልበለጠ ግን ነፃ ነው። ግቢያችን 172 ላይ ነው ያለው። አንድ ተከራይ ፍሪጅ ቢያስገባ 202 ሆነ፤ መስመሯን ዘለላት። አሁንም ለየብቻ ቢሆኑ ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

በእኛ አካባቢ ከሌላው የባሰ ነገር አለ፤ የተጠራቀመ ቢል። አንባቢው ሁለት ሦስት ወር ሳይመጣ ይቀርና አንድ ቀን መጥቶ ሁሉንም በአንድ ላይ ይመዘግባል። በወር 60 የተጠቀመ ሰው በአንድ ቢል 180 ይመጣበታል። ጉዳቱ ብሩ በአንዴ መምጣቱ ብቻ አይደለም። ፍጆታው እንደ አንድ ወር ከተሰላ ከሁለተኛው እርከን ወደ ሦስተኛው ይወጣል፤ ሳይገባው በውድ ዋጋ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ቢል የደረሳችሁ «በየወሩ ተከፋፍሎ ይሰላልኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማመልከቻችሁ ላይ የመጨረሻዎቹን ንባቦች ቀን ከነቁጥራቸው ጻፉ።

በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ጥቃት ከቡለንም ጭምር ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነበር። ከእንዲህ ያለ መከራ የተመለሰ ሰው ውዝፍ ቢል ሲቀርብለት ደግሞ ደጋግሞ ያየው ይገባል። ቤቱ ተዘግቶ ከከረመ ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ በመካከሉ ባሉት ወራት የተመዘገበ ፍጆታ ካለ በግምት የተሞላ ነው፣ ወይም ሌላ ሰው ተጠቅሞበታል። ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ማስረጃ ነው። በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙት፤ ከነቆጣሪው መለያ ቁጥር ይታይ።

የካርድ ቆጣሪ ያላችሁ በንባብ ስሕተት አትቸገሩም። እናንተን ግራ የሚያጋባው ሌላ ነው፤ 200 ብር ሞልታችሁ ከጠበቃችሁት ያነሰ ኪሎ ዋት ሰዓት ትቀበላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ለወራት ሳትሞሉ በመቆየታችሁ የተጠራቀመ የአገልግሎት ክፍያ ከላይ ተነሥቶ ነው። ደረሰኙ ላይ ተዘርዝሯል፤ ሳታነቡት አትጣሉት።

አሁን ወደ ዲኤስቲቪ። ኳስ ወዳዶች ጆሯችሁን ስጡኝ።

ዲኤስቲቪ ቢል አይልክም፤ ቅድሚያ ክፍያ ነው። እዚህ ችግሩ የመስመር ብዛት ሳይሆን ቀን ነው። ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ፣ ሜዳ ስፖርት፣ ልዩ የሚባሉት ጥቅሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዋጋ አላቸው፤ ዋጋውም ይለዋወጣል። የጨዋታና የፊልም መብት የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚህ ዓይነት አገልግሎት ዋጋ ባለበት አይቆምም። ባለፈው ወር የከፈላችሁትን ልክ በዚህም ወር በቴሌብር ብትልኩና ዋጋው ጨምሮ ቢሆን፣ ገንዘቡ ሂሳባችሁ ላይ ቁጭ ይላል እንጂ ጥቅሉ አይከፈትም። ገንዘቡ አልጠፋም። የጎደለውን መጨመር ነው። ብዙ ሰው ግን ተበላሁ ብሎ እንደገና ሙሉውን ይከፍላል።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሚመጡ ሁለት ኮዶችን ለዩ። ኢ 16 ከመጣ ጉዳዩ የክፍያ ነው፤ ካርዱ አልተከፈተም ማለት ነው። ኢ 48 ከመጣ ግን ሥርጭቱ ዲሹ ላይ እየደረሰ አይደለም። ወይ ዲሹ ተንቀሳቅሷል፣ ወይ ገመዱ ተነቅሏል፣ ወይ ከባድ ዝናብ ነው። የቡለን ክረምት ሲያወርደው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከሳተላይቱ የሚመጣውን ሞገድ ወፍራም ዝናብ ያዳክመዋል፣ ሲያባራ ይመለሳል። ለኢ 48 ብር መክፈል በር ተቆልፎ መስኮት እንደመጥረግ ነው።

ከፍላችሁም ኢ 16 አልጠፋ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መብራት ነው። ስትከፍሉ ካርዱን የሚከፍተው መልእክት በሳተላይቱ በኩል ለተወሰነ ጊዜ ይላካል። በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ዲኮደሩ ካልበራ መልእክቱ ያልፈዋል። እኛ ጋ ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ስለዚህ መብራት ባለበት ሰዓት ዲኮደሩን አብርታችሁ ክፈሉ። ካመለጣችሁ ደውላችሁ እንደገና እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ የሚጠይቋችሁ የካርዱን ቁጥር ነው። መብራት የጠፋበት ቀን ግን ከወሩ አይቀነስላችሁም። ከሳምንት ሁለት ቀን መብራት በሌለበት ሰፈር ያለ ሰው ውዱን ጥቅል ከመግዛቱ በፊት ይህን ያስብበት።

ስለ ስልክ በአጭሩ። ዲሽ የሌለው ወጣት ጨዋታውንም ድራማውንም በስልክ ነው የሚያየው። «የሞላሁት ካርድ የት ገባ?» የሚለው ቅሬታ ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ጥቅሉ አልቆ ዳታው ሳይዘጋ ከዋናው ሂሳብ መቁረጡ ነው፤ ዳታ ማጥፋት ነው መድኃኒቱ። ሁለተኛው በአጭር ቁጥር የሚመጣ፣ የስፖርት ዜና፣ ጥያቄና መልስ፣ ሽልማት እያለ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ብር የሚቆርጥ የመልእክት አገልግሎት ነው። አንዴ «እሺ» ብሎ የመለሰ ልጅ በየቀኑ ይቆረጥበታል፤ ልጅ በነካካው የአባት ስልክም ይገባል። ወደዚያው ቁጥር «ስቶፕ» ብላችሁ ላኩ። የአየር ሰዓት ብድር የወሰዳችሁም ቀጥሎ ስትሞሉ ብድሩ ከነአገልግሎት ክፍያው እንደሚነሣ አትዘንጉ።

(ሙዚቃ ዝግ ብሎ ይገባል)

ቅሬታ ያላችሁ አቀራረቡ እንዲህ ነው። ለመብራት 905፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደወላል። ስትደውሉ «ቢሌ በዛ» አትበሉ፤ እንዲህ ካላችሁ «ተጠቅማችሁ ነው» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። የሚያዋጣው መስመሩን መጥራት ነው። «ቢሉ ላይ የአሁን ንባብ 4,490 ይላል፤ ቆጣሪው ላይ ዛሬ 4,402 ነው» በሉ። «ታክስ ተቆርጦብኛል፤ ፍጆታዬ ግን 172 ነው» በሉ። የደወላችሁበትን ቀንና የቅሬታውን መዝገብ ቁጥር ጻፉ። በአካል ከሄዳችሁ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ በአንዱ ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ አስፈርሙ። የስልክ ጉዳይ ሆኖ ኩባንያው መልስ ከነፈጋችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቅሬታ ይቀበላል፤ ግን አስቀድማችሁ ለኩባንያው ማመልከታችሁን ይጠይቃችኋል።

ቅሬታው እስኪታይ ደግሞ ጨርሶ አለመክፈል አያዋጣም። ከተቆረጠ ማስቀጠያም ይጠየቃል። ባለፉት ወራት ስትከፍሉት የነበረውን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናችሁን በዚያው ማመልከቻ ላይ ጨምራችሁ ጻፉ።

የጋራ ቆጣሪ ያላችሁ ግን 905 ከመደወላችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ቢሉን መሀል አድርጉ፤ አንዱ ዋቱን ያንብብ፣ አንዱ ያባዛ። እትዬም የምጣዳቸውን ጀርባ ገልብጠው ይዩት።